ያልተዘጋጀ ለመምሰል መዘጋጀት

የህንድ ጦር መኮንን መሆን የሚመኝ ወጣት ከሩጫው በፊት የሚለማመደው ፈገግታ ነው። በሩን ሲያንኳኳ ፈገግ፣ "ልግባ ጌታዬ?" ሲል ፈገግ፣ ወንበሩን ሲስብ ፈገግ። ጥርስ በዝቶ ከታየ ዋዘኛ ያስመስላል፣ ከንፈር ብቻ ከሆነ ደግሞ ፍርሃት ያስጠረጥራል ስለሚባል፣ ልኳን ለማግኘት ሳምንታት መስተዋት ፊት ይቆማል። በመጨረሻ የሚገኘው ፊት አብዛኛውን ጊዜ ጥርስ ሐኪም ቤት ተራ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው።

ወጣቱን መስተዋት ፊት ያቆመው ኤስ.ኤስ.ቢ. የሚባለው መኮንን መራጭ ቦርድ ነው። ቦርዱ ለተፈታኞቹ ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ እንደ ወትሯችሁ ሁኑ። ምክሩ ቀላል ይመስላል። ችግሩ እንደ ወትሮው የሆነ ሰው እንደሚወድቅ ሁሉም መጠርጠሩ ነው። ስለዚህ ከዴራዱን እስከ ቻንዲጋር፣ ከዴልሂ እስከ ፕራያግራጅ እንደ ወትሮ መሆንን በክፍያ የሚያስተምሩ ማሠልጠኛዎች ሞልተዋል። ብዙዎቹን የሚመሩት ጡረታ የወጡ መኮንኖች ናቸው። ከእነሱም መካከል ትናንት እዚያው ቦርድ ላይ ተቀምጠው "የተጠና መልስ አንፈልግም" ሲሉ የኖሩ አሉ። ዛሬ መልሱን ያስጠናሉ። ጡረታ እንደሁ ብቻውን አይበቃም።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እዚህ ግን መጠምጠሙ ራሱ ትምህርት ሆኗል። የክራባት አስተሳሰር፣ የሹካ አያያዝ፣ ወንበር ሳያንጓጉ የመቀመጥ ዘዴ፣ የማያውቁትን ነገር "አላውቅም ጌታዬ" ብሎ በኩራት የመናገር ጥበብ፣ ሁሉም ሰዓት ተመድቦለታል። ይህ የመጨረሻው በተለይ ይደነቃል። አለማወቅን ያህል በነጻ የሚገኝ ነገር አስተማሪ ቀጥሮ የሚማር ሰው ሌላ የትም አይገኝም።

የቦርዱ ዘዴ ሲጀመር ሐሳቡ መልካም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት እንግሊዞች መኮንን የሚመርጡት በአጭር ቃለ መጠይቅ ነበር፤ የት ተማርክ፣ አባትህ ምን ይሠራሉ፣ ምን ስፖርት ትጫወታለህ። ትምህርት ቤቱ ከታወቀ፣ አባቱም ከታወቁ፣ ልጁን ማወቅ ያን ያህል አያስፈልግም። ጦርነቱ ሲፋፋም ግን ስመ ጥር አባት ያላቸው ልጆች ብቻቸውን አልበቁም። ከሌላው ሕዝብ መኮንን መምረጥ ግድ ሆነ፣ የቀድሞዎቹ ጥያቄዎች ደግሞ ለዚያ አልጠቀሙም፤ ወደ ማሠልጠኛ ከተላኩት ብዙዎቹ እየወደቁ ተመለሱ።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1942 ኤደንብራ ላይ የአእምሮ ሐኪሞችና መኮንኖች አንድ ላይ የሚቀመጡበት አዲስ ቦርድ ተሞከረ። ከሐኪሞቹ አንዱ ዊልፍሬድ ባዮን ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ታንክ እያዘዘ ተዋግቶ የጀግንነት ሜዳይ የተሸለመ ሰው። የባዮን ዘዴ ወጪ የለውም። ጥቂት ሰዎችን ሰብስቦ፣ አለቃ ሳይሾሙላቸው ሥራ መስጠትና ዝም ብሎ ማየት ነው። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሐሳብ ይወጥረዋል፦ ራሱን ያሳይ ወይስ ሥራው ይለቅ? ተመልካቹ የሚጽፈው ይህን ትግል ነው። ባዮን ያላሰበው አንድ ነገር ቢኖር ትግሉን ራሱን አስመስለው የሚሠሩ ልጆች አንድ ቀን እንደሚመጡ ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1943፣ ዘዴው ባሕር ተሻግሮ እንግሊዞች ይገዟት በነበረችው ህንድ፣ ዴራዱን ላይ፣ የሙከራ ቦርድ ተቋቋመ። በ1947 እንግሊዞች ሲወጡ ቦርዱ ግን እዚያው ቀረ። ዛሬ ምድር ጦሩ ፕራያግራጅን፣ ቦፓልንና ቤንጋሉሩን በመሳሰሉ ከተሞች ቦርዶች አሉት፤ አየር ኃይሉና ባሕር ኃይሉም የየራሳቸው አላቸው። ይህ ጦር ለኢትዮጵያ ፍጹም ባዳ አይደለም። የሐረር የጦር አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥራውን ሲጀምር ዕጩ መኮንኖቹን ያሠለጥኑ የነበሩት ከህንድ ጦር የመጡ መኮንኖች ነበሩ።

ወደ ቦርዱ ለመድረስ በመጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና አለ። ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ወደ ብሔራዊ የመከላከያ አካዳሚ ለመግባት የሚያመለክት ልጅ ዕድሜው ከ16 ዓመት ተኩል እስከ 19 ዓመት ተኩል መሆን አለበት። ፈተናው 900 ነጥብ ይይዛል፤ 300 ሒሳብ፣ 600 አጠቃላይ ችሎታ። የቦርዱ ምዘና ደግሞ ለብቻው 900 ነው። ልጁ ለዓመታት የደከመበት ሒሳብና እንግሊዝኛ፣ ታሪክና ፊዚክስ ተደምሮ፣ በአምስት ቀን ውስጥ እንጨት ተሸክሞ ከሚያሳየው ጠባይ ጋር እኩል ይመዘናል። የሒሳብ አስተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሰማቸው መገመት አይከብድም።

ቦርዱ የሚፈልገው አሥራ አምስት ባሕርያትን ነው፤ ከእነሱም መካከል የማገናዘብ ችሎታ፣ ኃላፊነትን መሸከም፣ መተባበር፣ ፈጥኖ መወሰን፣ ቆራጥነት፣ ድፍረት ይገኛሉ። በችግር መሐል ፊት አለማጥቆርም አንዱ ነው፤ የመስተዋቱ ፈገግታ መነሻ ይኸው ነው። ዝርዝሩ ምስጢር አይደለም። የሚዘጋጅ ሁሉ በቃሉ ይዞታል፣ ይዞም አይቀር፣ በየተራ ሊያሳያቸው ይሞክራል። መተባበር በቁርስ ሰዓት ይመደባል። አስተናጋጆቹም በምስጢር ነጥብ ይሰጣሉ የሚል ወሬ ስላለ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ስምንት ልጆች ሁሉም ብድግ ብለው ለሌላው ሻይ ሊቀዱ ይሽቀዳደማሉ። ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ የሚጠጣው አይገኝም።

መዛኞቹ ሦስት ናቸው። የሥነ ልቦና ባለሙያው የልጁን ሐሳብ በጽሑፉ ያነባል፣ ጠያቂው መኮንን ንግግሩን ይሰማል፣ የቡድን ፈታኙ መኮንን ደግሞ ሜዳ ላይ ተግባሩን ያያል። ሦስቱ በየፊናቸው መዝነው በመጨረሻው ቀን ይገናኛሉ። የዘዴው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዱን መዛኝ ማታለል ይቻል ይሆናል፤ ሦስቱን በአንድ ዓይነት ውሸት ማታለል ግን የማስታወስ ችሎታን አጥብቆ ይጠይቃል፣ እሱ ደግሞ ከአሥራ አምስቱ ውስጥ የለም።

ተፈታኙ እንደደረሰ ስሙ ይቀራል። ቁጥር የተጻፈበት ጨርቅ ደረቱና ጀርባው ላይ ያስራል፣ ከዚያ በኋላ እሱ "ቁጥር 14" ነው። አባቱ ማን እንደሆኑ የቡድን ፈታኙ አያውቅም። ይህ ለድሆች ልጆች ትልቅ ነገር ነው። የጄኔራል ልጆች ግን አባታቸውን በጨዋታ መሐል ጣል ለማድረግ የሚያሳዩት ትዕግሥት ሌላ ባሕርይ ቢባል አያንስም።

የመጀመሪያው ቀን ማጣሪያ ነው። ከማሰብ ችሎታ ፈተናው ቀጥሎ አንድ ሥዕል ለ30 ሰከንድ ግድግዳ ላይ ይበራል። ሥዕሉ ሆን ተብሎ የደበዘዘ ነው፤ ሰው ይሁን ዛፍ፣ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ፣ በውል አይለይም። አንድ ደቂቃ ስንት ሰው እንዳየ፣ ዕድሜያቸውንና ስሜታቸውን ለመመዝገብ፣ አራት ደቂቃ ታሪክ ለመጻፍ ይሰጠዋል። ደብዛዛ ነገር ሲያይ ሰው የሚሞላበት ከራሱ ነው የሚል እምነት አለ። የማሠልጠኛ ምሩቅ ግን የሚሞላበት ከደብተሩ ነው። ምን ጊዜም አንድ ቆራጥ ወጣት አለ፣ ምን ጊዜም መንደሩ ችግር ላይ ነው፣ ወጣቱም ጎረምሶችን አደራጅቶ፣ ፖሊስ ጠርቶ፣ ጎርፉን ገድቦ፣ ከአካባቢው ባለሥልጣን ሽልማት ይቀበላል። ሥዕሉ ላይ የሚታዩት ምናልባት አውቶቡስ የሚጠብቁ ሁለት አሮጊቶች ነበሩ።

ከዚያ ታሪኮቹ ወደ ክብ ይመጣሉ። ከአሥር የማያንሱ ልጆች በግማሽ ክብ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በአንድ ደቂቃ ታሪካቸውን ይናገራሉ፣ ቀጥሎም ሁሉም ተወያይተው አንድ የጋራ ታሪክ እንዲያወጡ ይታዘዛሉ። የሆነው ሁሉ የሚሆነው በሚቀጥሉት ደቂቃዎች ነው። "ክቡራን፣ እንጀምር" የሚለውን ቃል መጀመሪያ የተናገረ ነጥብ ያገኛል ተብሎ ስለሚታመን አምስት ሰው በአንድ ትንፋሽ "ክቡራን" ይላል። ቀጥሎ ሌላው የተማሩት ዘዴ ይመጣል፤ ዝም ያለን ሰው ማበረታታት መሪነትን ያሳያል። "ቁጥር 6 እስካሁን አልተናገረም፤ እስቲ እንስማው!" ይላል ቁጥር 3። "ልክ ነው፣ ቁጥር 6ን እንስማው!" ይላል ቁጥር 11 ከፍ አድርጎ። "ክቡራን፣ ለቁጥር 6 ዕድል ብንሰጠው!" ይላል ቁጥር 9 ከሁለቱም በላይ። ቁጥር 6 አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ሦስቱ እንዲናገር ሲጋብዙት ሰዓቱ ያልቃል።

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እዚህ ግን ይነቅዛል። ጮሆ የተናገረም ይነቅዛል። መዛኞቹ ጥግ ተቀምጠው፣ ፊታቸው ሳይለዋወጥ፣ ይጽፋሉ። ከምሳ በኋላ የሚቆዩት ቁጥሮች ይጠራሉ፤ ያልተጠሩት፣ ብዙ ጊዜም የሚበዙት እነሱ ናቸው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ባቡር ጣቢያ በሚሄደው አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ገና ልብሳቸውን ከሻንጣ አላወጡም።

የቀሩት በማግስቱ የሥነ ልቦና ፈተና ይቀመጣሉ። ይህ የብዕር ሩጫ ነው። አሥራ ሁለት ሥዕሎች፣ ለእያንዳንዱ 30 ሰከንድ ማየትና አራት ደቂቃ መጻፍ፤ አሥራ ሁለተኛው ባዶ ነጭ ነው፣ ታሪኩን ተፈታኙ ከሆዱ ያወጣል። የሥዕል ታሪክ ፈተናን ሄንሪ መሪና ክሪስቲያና ሞርጋን ሃርቫርድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የፈጠሩት ለሕክምናና ለምርምር ነበር። ቀጥሎ ስልሳ ቃላት በየ15 ሰከንዱ ይበራሉ፤ ቃሉን አይቶ መጀመሪያ የመጣለትን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ስልሳ አጋጣሚዎች በ30 ደቂቃ።

ፍጥነቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው፣ የቦርዱ ብቅል ሰዓት ነው። ሰው በ15 ሰከንድ ውስጥ ውሸት መፍጠር ይከብደዋል ተብሎ ይታሰባል። ማሠልጠኛዎቹ መልስ አላጡለትም፤ ውሸቱን አስቀድሞ ማዘጋጀት። "ሽንፈት" የሚለው ቃል ሲበራ፣ ሽንፈት የድል መሠረት መሆኑን በየወንበሩ ያለ ሁሉ ይጽፋል። "ሞት" ሲበራ ለአገር መሞት ክብር ይሆናል። "እናት" ሲበራ ግን አንዳንዱ ያጠናውን ረስቶ ስለ እናቱ ይጽፋል። ባለሙያው ከብዙ ወረቀት ውስጥ ቆም ብሎ የሚያነበው ያቺን መስመር ሳይሆን አይቀርም።

አጋጣሚዎቹ የበለጠ ያዝናናሉ። ወደ ፈተና ሲሄድ መንገድ ላይ የቆሰለ ሰው ቢያገኝ፣ በጫካ ሲያልፍ ዘራፊዎች ቢከቡት፣ የሚሳፈርበት ባቡር ሐዲዱ ተሰብሮ ቢያይ ምን ያደርጋል? ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው። በመልሱ ላይ የሚታየው ወጣት በጥዋቱ ቁስለኛ ያነሳል፣ ሐኪም ቤት ያደርሳል፣ ለቤተሰቡ ይደውላል፣ ፈተናውንም በሰዓቱ ደርሶ አንደኛ ይወጣል። ሁለት ዘራፊ ማርኮ ለፖሊስ አስረክቦ እራቱን ቤቱ ይበላል። ወረቀቱ ላይ አንድም ሰው ፈርቶ አይሮጥም። መዛኙ ባለሙያ ግን ሰው ነው፣ ዘራፊ ሲያይ እሱም እንደሚሮጥ ያውቃል።

መጨረሻ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ የራስ ገለጻ አለ፤ ወላጆችህ፣ አስተማሪዎችህ፣ ጓደኞችህ ስለ አንተ ምን ያስባሉ፣ አንተስ ስለ ራስህ? አንድ ድክመት መጥቀስ እንደ ሐቀኝነት ይቆጠራል ተብሎ ስለተሰበከ፣ ድክመት የሌለው ልጅ ድክመት ፍለጋ ይወጣል። የሚገኘውም ሁልጊዜ የሚያኮራ ድክመት ነው፦ ሥራ ከጀመረ እረፍት አያውቅም፣ ሰው ሲቸገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። "ጠዋት መነሳት እጠላለሁ" ብሎ የጻፈ ካለ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አገር በእሱ እጅ ብትሆን አያሳስብም።

ከሁሉ የሚወደደው ሜዳው ነው፤ ሁለት ቀን ይፈጃል። ቡድኑ ጣውላ፣ ግንድ፣ ገመድና አንድ ከባድ ሸክም ይሰጠዋል። መሬቱ ወንዝ ነው ተብሎ ይታሰባል፣ አይረገጥም። ቀይ የተቀባው ለሰውም ለዕቃም ክልክል ነው፤ ነጭ የተቀባው ይፈቀዳል። ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ድልድይ እየሠሩ፣ ሸክሙን ይዘው፣ ማዶ መድረስ ነው። አለቃ የለም፤ የባዮን አሮጌ ዘዴ ሳይነካ ተቀምጧል።

ሲታይ እንዲህ ነው። ቁጥር 2 ጣውላውን ወዲህ ይላል፣ ቁጥር 7 ወዲያ ይላል። ቁጥር 5 አንድ እጁን እያነሳ ሐሳብ አለኝ ይላል፣ ሌላው እጁ ግን ባዶ ነው። ሁሉም ሲያዝዝ የሚታዘዝ ይጠፋል። መሐል ላይ ቁጥር 6፣ ያ ትናንት እንዲናገር የተጋበዘው፣ ሸክሙን ታቅፎ አንዲት ጠባብ ምሰሶ ላይ በአንድ እግሩ ቆሟል። ላቡ ይንጠባጠባል፣ የሚቀበለው ሰው የለም። ብዙ ከቆየ በኋላ ለጎኑ ልጅ ቀስ ብሎ "ግንዱን ከጣውላው ጋር እሰረው" ይለዋል። ልጁ ያስራል። ቡድኑ ይሻገራል። ማን እንደተናገረ አብዛኞቹ አያስታውሱም፤ ፈታኙ መኮንን ግን ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፍ አድርጓል።

ለብቻ የሚዘለሉ አሥር መሰናክሎችም አሉ፤ እንደየክብደታቸው ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር የተሰጣቸው፣ በሦስት ደቂቃ የሚያልቁ። "የነብር ዝላይ"፣ "የታርዛን ዥዋዥዌ" ተብለው ይጠራሉ። ሁሉንም የጨረሰ 55 ያገኛል። ንግግርም አለ፤ አራት ርዕስ የተጻፈበት ካርድ ይሰጥና ሦስት ደቂቃ አስቦ ሦስት ደቂቃ መናገር ነው። የእባብ ሩጫ ደግሞ ተጠቅልሎ የታሰረ ረጅም ሸራ ሁሉም ተሸክመውት ቡድን ከቡድን የሚሽቀዳደምበት ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ካለ እዚህ ነው፣ ምክንያቱም በጩኸትና በሳቅ መሐል ሁሉም ስለ ነጥብ ማሰቡን ለአፍታ ይረሳል።

የአዛዥነት ተራም ይደርሳል። እያንዳንዱ በተራው አዛዥ ይሆንና ከጓዶቹ ሁለት ረዳት ይመርጣል። ብዙ ጊዜ የተመረጠ ልጅ በባልንጀሮቹ ዘንድ ተፈላጊ መሆኑ ስለሚታይ፣ ከምሽቱ ጀምሮ በመኝታ ክፍሉ ከፍተኛ የፍቅር ግንባታ ይካሄዳል። ብስኩት ይታደላል። ከዚህ በፊት ሰላምታ ያልሰጠ ሰው የወንድሞችህ ቁጥር ስንት ነው ይላል። በማግስቱ ግን ሁሉም የሚመርጠው ክብደቱ ትንሽ፣ ክንዱ ጠንካራ የሆነውን ነው። ብስኩቱ በከንቱ አለቀ።

ቃለ መጠይቁ በነዚህ ቀናት መሐል በተራ ይካሄዳል። መሣሪያው ተፈታኙ ራሱ በመጀመሪያው ቀን የሞላው ቅጽ ነው፤ ቤተሰብ፣ ትምህርት፣ ውጤት፣ ስፖርት፣ የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ፣ ቁመትና ክብደት ሳይቀር ተጽፎበታል። ጠያቂው መኮንን ስለ ጦር ስልት አይጠይቅም። እያስቀመጠ፣ ሻይ ጠጣህ ወይ እያለ፣ ድንገት እንዲህ ይላል፦ "ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ውጤትህን፣ ለምን ከፍ ዝቅ እንዳለ፣ የምትወደውን አስተማሪና ምክንያቱን፣ የማትወደውንና ምክንያቱን፣ የቅርብ ጓደኞችህን፣ ከአባትህና ከእናትህ ለማን እንደምትቀርብ፣ ከወንድምህ ጋር የተጣላህበትን፣ ቅዳሜና እሑድን በምን እንደምታሳልፍ፣ ማደሪያ ቤት ምን ኃላፊነት እንደነበረህ ንገረኝ፤ ጀምር።"

በአንድ ትንፋሽ ነው። ጠያቂው ሁሉንም ጥያቄ ያስታውስ እንደሆነ አያሳስብም፤ ዋናው ነገር ልጁ የቱን አስቀድሞ የቱን እንደሚረሳ ነው። ማንም ሰው የሚረሳውን ጥያቄ በአጋጣሚ አይረሳም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ያ የማይወደው አስተማሪ ነው፣ አንዳንዴም አባቱ።

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ቅጹ ላይ ዝንባሌዬ አትክልት መትከል ነው ያለ ልጅ አለ፤ ጥሩ ይመስላል፣ ረጋ ያለ ጠባይ ያሳያል ብለውት ነው። "በዚህ ወር ግቢህ ውስጥ ምን ተዘራ?" ይላል መኮንኑ። ዝምታ ይሆናል። "ጽጌረዳ፣ ጌታዬ።" "ጽጌረዳ ይዘራል?" ፈገግታው እዚያው ፊቱ ላይ ደርቆ ይቀራል። ማንበብ እወዳለሁ ያለው ደግሞ የመጨረሻውን መጽሐፍ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜ ከሚጠሩት አንዱ የኤ.ፒ.ጄ. አብዱል ካላም የሕይወት ታሪክ ነው። ምርጫው አሳዛኝም አስቂኝም ጎን አለው። ካላም ራሳቸው ወጣት መሐንዲስ ሳሉ አብራሪ ለመሆን ዴራዱን ላለው የአየር ኃይል ቦርድ ቀርበው ነበር። ከ25 ተፈታኞች ስምንት ይፈለጉ ነበር፤ እሳቸው ዘጠነኛ ወጡ። ሮኬትና ሚሳይል ወደ መሥራት ሄዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የህንድ ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ በሕገ መንግሥቱም መሠረት ያንኑ አየር ኃይል ጨምሮ የጦሩ ሁሉ የበላይ አዛዥ። በ2006፣ በ74 ዓመታቸው፣ በሱኮይ 30 ተዋጊ አውሮፕላን በረሩ። ቦርዱ ዘጠነኛውን በማስቀረቱ ተሳስቷል የሚል አለ። ስምንቱ ግን ጥሩ አብራሪዎች ሆነው ይሆናል፤ አብራሪ ነበር የተፈለገው።

"መኮንን መሆን ለምን ፈለግህ?" የሚለው ጥያቄም አይቀርም። አገር ፍቅር፣ ዩኒፎርም፣ ጀብዱ፣ የአያት ስም፣ ሁሉም ተሰምቷል። ደመወዙና መኖሪያ ቤቱ ጥሩ ነው ብሎ በግልጽ የተናገረ ጥቂት ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ አይጠላም ይባላል።

በመጨረሻው ቀን ጉባኤው አለ። ሦስቱ መዛኞችና ሌሎቹ የቦርዱ አባላት ሙሉ ዩኒፎርም ለብሰው በትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፣ ተፈታኞቹም በተራ ይገባሉ። የሚጠየቁት ነገር ከአምስት ቀን ስቃይ በኋላ ሲሰማ ይገርማል፤ ቆይታህ እንዴት ነበር፣ ምግቡ እንዴት ነበር፣ መሻሻል አለበት የምትለው ነገር አለ? ምግቡ ጥሩ ነበር። ለነገሩ ምግቡ መጥፎ ነው ያለ ይኖር እንደሁ የሚያውቁት ወጥ ቤቶቹ ናቸው።

ከበሩ ውጭ ያሉት ግን ሰዓት ይቆጥራሉ። ጉባኤ ውስጥ ብዙ የቆየ ሰው ጠርዝ ላይ ያለ ነው፣ ቶሎ የወጣ ደግሞ ጉዳዩ አስቀድሞ የተወሰነ ነው የሚል እምነት አለ። ወደየትኛው እንደተወሰነ ግን ማንም አይናገርም። ስለዚህ ሁለት ደቂቃ የቆየው ሁለት ደቂቃ በመቆየቱ፣ ስምንት የቆየው ስምንት በመቆየቱ እኩል ይሠቃያል። ቀጥሎ አንድ መኮንን መጥቶ አጭር ንግግር ያደርጋል፣ ከዚያ ቁጥር ይጠራል። ከአንድ ቡድን አንድም ላይጠራ ይችላል። የተጠራው ሙሉ ስሙን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ከአምስት ቀን በኋላ ስሙ የሚመለስለት ያን ጊዜ ነው።

የተጠሩት ወደ ወታደር ሐኪም ቤት ለምርመራ ይሄዳሉ። ዓይን፣ ጆሮ፣ ጉልበት፣ የእግር ጠፍጣፋነት ሁሉ ይታያል፤ ለዓመታት አእምሮውን ሲስል የኖረ ልጅ ጆሮው ውስጥ በተደበቀ ሰም ምክንያት ለጊዜው ሊመለስ ይችላል። ያንንም አልፎ የጽሑፍና የቦርድ ነጥቡ ተደምሮ በደረጃ ዝርዝር ላይ ይሰፍራል፣ ያለው ቦታ ሲሞላ ዝርዝሩ ይዘጋል። በቦርዱ የተመረጠ ሁሉ አይገባም። የገባው፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሴቶችን ጨምሮ፣ ፑኔ አጠገብ ካዳክዋስላ ሦስት ዓመት ይማራል፤ የምድር ጦሩ ከሆነ ዴራዱን ላይ ሌላ አንድ ዓመት ይጨምራል።

ያልተጠራው ምክንያቱ አይነገረውም። ማሠልጠኛው ግን ይነግረዋል፤ በቂ ሳይዘጋጅ ሄዶ ነው፣ ወይም ከመጠን በላይ ተዘጋጅቶ ነው፣ ለሁለቱም ኮርስ አለ። የሙከራ ብዛት ገደብ የለውም፤ ዕድሜ ነው የሚከለክለው። አንዱ በር በ19 ዓመት ተኩል ሲዘጋ ለዲግሪ ምሩቃን ሌሎች በሮች ስላሉ፣ ቦርዱን ከአሥር ጊዜ በላይ የጎበኙ ሰዎች አይጠፉም። እነዚህ ሰዎች የአውቶቡሱን ሹፌር በስም ይጠራሉ፣ የትኛው አልጋ እንደሚንቋቋ ያውቃሉ፣ ለአዲሶቹም ምክር ይሰጣሉ። ምክራቸው በአክብሮት ይደመጣል። መንግሥት ለአንድ የመግቢያ ዓይነት መጀመሪያ ጊዜ ለቀረበ ተፈታኝ የባቡር መሳፈሪያውን ደርሶ መልስ ይከፍልለታል፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ቲኬቱ በራሱ ኪስ ነው።